ቃሬዛችን ለሐና

ፈረንጅ ሁሉን ነገር ያደንቃል። ይህን ላሊበላ መንገድ ዳር የዋለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አህያ ያደንቃል፣ አሮጌ በር ያደንቃል፣ የተቀደደ ጃንጥላ ያደንቃል። አክስቴ ጋር ሆኜ የእንጨት መስቀል ስሸጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ አድንቆ ፎቶ አንስቶ ሄዷል። ተነሽልኝ ብሎኝ እኮ ነው ያነሳው! ስለዚህ ሐና ቃሬዛችንን አይታ "ውይ ሲያምር!" ስትል እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ጉዱ ምንድን ነው፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ላሊበላ መንገድ ዳር አልዋሉም።

ውባንቺ እባላለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ያልገባልኝ እንግሊዝኛ ግን መንገድ ላይ ገባልኝ፤ መንገድ ላይ ካልገባህ ራት የለማ። ሰዋስው አትጠይቁኝ እንጂ ሰው ምን እንደፈለገ አውቃለሁ።

አገራችን ጅብራ ሜዳ ይባላል፤ ከገነተ ማርያም በላይ፣ ገብሱ እንኳ እየተንቀጠቀጠ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ሐኪም ቤት ያለው ላሊበላ ነው። እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ያለው ቁልቁለት ደህና እግር ያለውን ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ደህና እግር የለውም። ለዚህ ነው ቃሬዛ ያለን። ነበረን ማለቴ ነው።

ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም የጽድ እንጨት ነው፤ መሀሉ በበሬ ጠፍር የተጠላለፈ። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። የሚያዝበት ጫፍ ጫፉ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ እንደ ቀንድ ያብለጨልጭ ነበር። አያቴን ተሸክሟል። እናቴ እኔን ልትወልድ ስትል ተሸክሟታል፤ ቁልቁለቱ ላይ ስለወለደችኝ ሲመለስ እኔንም ጨምሮ ተሸክሟል። ቸኩዬ ነው የወጣሁት። እስከ ዛሬም ሰው አጥፍቼ ሲያገኘኝ "ቁልቁለት የወለደሽ!" ይለኛል።

ቃሬዛ ታዲያ እንጨት ብቻ አይደለም። ማኅበር አለው፤ ማኅበሩም ዳኛ አለው። ዳኛችን አያ እንግዳው ናቸው፤ ድምፃቸው ከቀንዳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ። ቀንድ የምላችሁ የሚነፉትን የአጋዘን ቀንድ ነው። እሱ ከተነፋ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣል፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ ሌላው ከኋላ ተከትሎ ይቀያይራል። የቀረ ሰው ገብስ ይቀጣል። ከሁሉ የጠበቀው ሕግ የቅዳሜው ነው። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሆነ ወንዱ ሁሉ ይወርዳል፤ ተራ የደረሳቸው ግን አይወርዱም። ቃሬዛ ጠባቂ ሆነው ሰፈር ይውላሉ። የሚሸጥ በግ ቢኖርህም ትውላለህ፣ ሚስትህ ብትቆጣም ትውላለህ።

ከዚያ መኪና መጣብን።

አምና በመኸር አንድ የድርጅት አስተባባሪ ከላሊበላ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ። ጫማው ጭቃ በነካ ቁጥር እኛ ያስነካነው ይመስል ይገላምጠን ነበር። "ከውጭ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ይመጣሉ፤ እዚሁ ክሊኒክ ይከፈታል፤ ግን መኪና መግባት አለበት። መንገዱን እናንተ ካወጣችሁ መኪናው ይመጣል" አለን።

ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ኅዳርንና ታኅሣሥን ድንጋይ ስንፈነቅል ከረምን። ታላቅ እህቴ ብርቅዬ የመጀመሪያ ልጇን መጽነሷን የነገረችኝ ያኔ ነው፤ ድንጋይ ተሸክመን ጎን ለጎን ስንሄድ።

"አውርጂው ድንጋዩን!" አልኳት።

"ዝም በይ፣ አያ እንግዳው ይሰሙሻል።"

"ይስሙ! እርጉዝ ድንጋይ አሸከሙ ብዬ እጮሃለሁ።"

"ጩሂ፤ መንገዱ ለማን ሆነና። እኔ በመኪና ወርጄ ነው የምወልደው። ቁልቁለት ላይ የሚወለድ ልጅ አልፈልግም፤ ምን እንደሚወጣው በአንች አይተናል።"

ሳቀች። ብርቅዬ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ያን ቀን እጇ ድንጋይ ይዞ ስለነበር ሳትሸፍን ሳቀች።

ጥምቀት እንዳለፈ መኪናው መጣ። ነጭ ላንድክሩዘር፤ ሹፌሩ ዘመን የሚባል የላሊበላ ልጅ። ሴቱ እልል አለ። አያ እንግዳው ጎማውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉና "ጠንካራ ነው" አሉ፤ በሬ ሊገዙ ይመስል። ከዚያ ብርድ እንዳይመታው ብለን የባሕር ዛፍ ዳስ ሠራንለት። ለመኪና! ዘመን እየሳቀ "ኧረ እሱ አይበርደውም" ቢል ማን ሰምቶት።

ዳስ የሠራህለት ነገር ይሄዳል ብለህ ታስባለህ? እኛም አላሰብንም። ይሄዳል ያለን የለም፤ ይቀራል ያለንም የለም። የጠየቀም የለም፤ ምክንያቱም በኛ አገር እንግዳን "መቼ ትሄዳለህ?" ብሎ መጠየቅ ዱላ አንስቶ ከማባረር እኩል ነው።

ከመኪናው የወረዱት ፈረንጆች የቀበሌውን ባዶ ቤት ክሊኒክ አደረጉት፤ የኔ ሥራ ለሐና ማስተርጎም ነበር። የመጣችው ከሆላንድ ነው፤ ሽማግሌ ሴቶቹ ወዲያው ወለተ ሐና አሏት። ነርስነት እየተማረች እንደሆነና ገና እንዳልጨረሰች ነገረችኝ። ለአያ እንግዳው ብነግራቸው "የነሱ ተማሪ ለኛ ዶክተር ነው፤ ምን አገባሽ" አሉኝ።

ሐና ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሄን ማውራት ይቀለኝ ነበር። ዓይኑ ላበጠ ልጅ ቅባት ቀብታ አድናለች፤ ቁስል ስታጥብ አፍንጫዋን አትይዝም። እርግጥ ውኃ ከሸለቆ በጀርባችን ለምናመላልስ ሰዎች "በቀን ብዙ ጊዜ እጃችሁን ታጠቡ" የሚል ትምህርት ሰጥታለች፤ እኔም ተርጉሜያለሁ። ሴቶቹ ተያይተው "ውኃውን ማን ያወጣልናል? እሷ?" ሲሉኝ ይህንን ግን አልተረጎምኩላትም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ አስቻለች መጡና "ነፋስ በወገቤ ገብቶ በትከሻዬ ሊወጣ ሲል ቀረብኝ" አሉ። እንደ ወረደ ተረጎምኩት። ሐና በጣም አስባ ፓራሲታሞል ሰጠቻቸው። በማግስቱ እማማ አስቻለች እጃቸውን ወደ ላይ እያወናጨፉ መጥተው "ወጣልኝ! ወጣልኝ!" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ነፋስ ገባበት።

መኪናውም ሠራ፤ መዋሸት ለምን ያስፈልጋል። እግሩ የተሰበረን ሰው ጠዋት ወስዶ ፀሐይ ሳይሞቅ ላሊበላ አደረሰ። ደም የሚያስላትን የወንዴን እናት አደረሰ። ወንዴ የብርቅዬ ባል ነው፤ ዝምተኛ፣ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት የሚያስፈልገው ሰው። ያን ቀን ግን "ይሄ መኪና እናቴን አዳናት" ብሎ ብቻውን ሲያወራ ሰምቸዋለሁ። የአያ እንግዳው ቀንድ ሳይነፋ ከረመ። ቅዳሜም ሁሉም ገበያ ይወርድ ጀመር።

ብርቅዬን ለምርመራ ወሰድኳት። ሐና ሆዷ ላይ አንዲት መሣሪያ አድርጋ የልጁን ልብ አሰማቻት። ቱክ ቱክ ቱክ፤ ሩቅ የሚጋልብ ፈረስ ነው የሚመስለው። ብርቅዬ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ቀጥሎ "እንደገና" አለች። ሐና ደስ ብሏት እንደገና አሰማቻት። ከዚያ ዳሌዋን ለክታ ፊቷን ቋጠር አደረገችና "የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ዳሌዋም ጠባብ ነው፤ ቀኗ ሲቃረብ ላሊበላ ወርዳ ሐኪም ቤት አጠገብ ትጠብቅ፤ እዚህ እንዳትወልድ" አለችኝ። ነገርኳት።

"የአክስታችንን ቤት ስንት ቀን አጣብቤ ነው የምጠብቀው?" አለች ብርቅዬ። "ምጡ ሲጀምረኝ እወርዳለሁ። መኪና አለ አይደል?"

ተረጎምኩ። ሐና "አዎ፣ አዎ፣ መኪና አለ" ብላ እጇን ጨበጠቻት።

ውሸት አይደለም። ያን ቀን መኪና ነበር፤ ደጅ ቆሟል፤ ዘመን ኮፈኑ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል።

ቃሬዛው አያ እንግዳው ቤት፣ ከውጭ በኩል ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ነበር። ሐና አንድ ቀን እሳቸው ዘንድ ስትሄድ አየችው። ቆመች። ጫፉን በእጇ ዳበሰች።

"ውባንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው? አሁንም ትጠቀሙበታላችሁ?"

ለአያ እንግዳው ጥያቄውን ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ በእንግዳ ፊት እንዴት ድሀ ይምሰሉ! ደረታቸውን ነፍተው "በያት፣ ያ የጨለማ ዘመን ነው በያት። እነሱ መኪና አምጥተውልን ከእንግዲህ ማን ይሸከማል?" አሉ።

አልኳት። ሐና ራሷን እየነቀነቀች "በጣም ነው የሚያምረው፤ ሙዚየም መግባት ነበረበት" አለች። በማግስቱ ጓደኞቿን ይዛ መጥታ አደነቀችው። ከዚያ ደግሞ ብቻዋን መጣችና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሥዕሉን ስትሥል ዋለች።

አለቀ። እንግዳ አንድን ነገር አንዴ ቢያደንቅ ወግ ነው። ሲመላለስበት ግን ዓይኑ አርፎበታል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ነገር ላንተ አይሆንህም፤ ወይ ይሰበራል ወይ ይጠፋል። ደግሞም የተመኘብህን ነገር ይዘህ ቀረህ ይባላል። ወስደህ መስጠት ብቻ ነው።

እነሐና ሊሄዱ ነው ሲባል ሽማግሌዎቹ ስጦታ ለመምከር ተሰበሰቡ። እኔን አስተርጓሚ ናት ብለው ጥግ አስቀመጡኝ። አያ እንግዳው "ቃሬዛውን ነው" አሉ።

"አያ፣ ሐና እኮ ሁሉን ነገር ነው የምታደንቀው" አልኩ። "ትናንት የእማማ አስቻለችን ምድጃ ስታደንቅ ነበር። ምድጃውንም ነቅለን እንስጣት?"

ሰው ሳቀ። አያ እንግዳው አልሳቁም። "አንች ልጅ፣ ያንች ሥራ የተባለውን መናገር ነው። አትጨምሪ።"

ከኋላ ወንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ዞረ፤ ወንዴ ሊናገር ነውና። "መኪናውስ... አብሯቸው የሚሄድ ቢሆን?"



"እንግዲያ ሂድና ጠይቃት" አሉ አያ እንግዳው። "'ሰጥተሽን ስታበቂ ይዘሽው ልትሄጂ ነው ወይ?' በላት። ሂድ።"

ወንዴ ጉልበቱን አየ።

"እኔ እጠይቃታለሁ" አልኩ።

"አትጠይቂም! እንግዳ ናት። መንገድ አስቆፍሮ፣ ዳስ አሠርቶ መኪናውን ይዞ የሚሄድ ሰው የት ነው ያለው? ደግሞ ባለጌ አታስመስይን።"

መሰናበቻው የዐቢይ ጾም ቅበላ ላይ ዋለ። የማኅበሩን የቅጣት ገብስ አውጥተው ጠላ ጠመቁ፤ ማኅበሩ ፈርሷልና ለማን ይቀመጣል ብለው። ጠጣነው። ቃሬዛውን ቅቤ ቀብተው፣ ነጠላ አልብሰው ሲሰጧት ሐና ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። "አይገባኝም፣ ይሄ ለኔ አይገባኝም" አለች። ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ "እንዴት ያለች ትሑት ናት!" አሉ።

በማግስቱ ሻንጣው ተጫነ። ቃሬዛው ከመኪናው አናት ላይ በገመድ ታሰረ። ሐና የገዛ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችኝ፤ ስልኬ ላይ አድራሻዋን መዘገበችልኝ። ብርቅዬን ሆዷን ስማ ተሰናበተቻት። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ሕፃናቱ ተከትለው ሮጡ። እኔ ቃሬዛችንን ተሸክሞ የሚሄድ መኪና ሳይ ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፤ ሳቅሁ።

ከሰዓት አልተመለሰም። አያ እንግዳው "አውሮፕላን ጣቢያ አድርሷቸው ያድራል" አሉ። በማግስቱም አልመጣም። "ጎማ ሊያስቀይር ይሆናል" አሉ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መፈለጉን ተዉና ዝም ብለው ዳሱ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። የክሊኒኩ ቁልፍ ቀበሌ ገባ። በመስኮት ሲያዩ እጅ የሚታጠብ ልጅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ይታያል፤ እስከ ዛሬ እየታጠበ ነው። ዳሱን የእማማ አስቻለች ፍየሎች ወረሱት።

ሌላ ቃሬዛ ለምን አልሠራችሁም ትሉኝ ይሆናል። ጽድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ማስፈቀድ ይጠይቃል። ጠፍር ደግሞ ከቆዳ ነው፤ በጾም በሬ የሚያርድ የለም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ግን እሱ አይደለም። አዲስ ቃሬዛ እንሥራ ያለ ሰው "ሞኞች ነበርን" ብሎ በአደባባይ መናገሩ ነው። ያን አፍ አውጥቶ የሚናገር ወንድ ጠፋ። እኔ ብናገር "አትጨምሪ" ነው።

ብርቅዬን "እንውረድ፣ አክስታችን ጋ እናርፋለን" ብዬ ነዘነዝኳት።

"ገና ነው" ትለኛለች። "ደግሞ ዘመን ይመጣል። ሐና 'መኪና አለ' ብላ የለም?"

"ያኔ ነበር። አሁን ፍየል ነው ያለው። በፍየል ነው የምትወርጅው?"

"እንደ አፍሽማ ቢሆን በነፋስ እወርድ ነበር" ብላ አሳቀችኝ። እየተሳሳቅን ቀኑ ሄደ።

ምጡ የጀመራት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ!

እናቴ መጀመሪያ በማርያም ስም ወገቧን እያሸች ቆየች። እየቆየ ልጁ እንደማይወርድ ገባት፤ ፊቷ ተለወጠ። "ወንዴ፣ ስልክ!" አለችው። ኔትወርክ የሚገኘው ከሰፈሩ በላይ ጉብታው ላይ ነው። ወንዴ ሲሮጥ እኔም ተከተልኩት። ዘመን አነሳ።

"ይምርሐነ ክርስቶስ ነኝ፤ ቱሪስት ይዣለሁ" አለ። "ማታ ነው የምንመለሰው።"

"ዘመን፣ ብርቅዬ ልትሞትብኝ ነው" አለ ወንዴ።

"ወንዴ፣ መኪናው እኮ የሰው ነው። ድርጅቱ ለወሩ ተከራይቶት ነው፤ ወሩ አለቀ። አልነገሯችሁም እንዴ?" አለ።

ወንዴ ስልኩን ለኔ ሰጠኝና ቁልቁል ሮጠ።

አያ እንግዳው ቀንዱን ነፉ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲነፉ ሰምቼ አላውቅም፤ የአንገታቸው ሥር ሊበጠስ ደረሰ። ማን ይምጣ? ጎበዙ ሁሉ ገበያ ወርዷል። ተራ ጠባቂ የሚባል የለም፤ ሕጉን ከጠላው ጋር ጠጥተነዋል። የመጡት አያ እንግዳው ራሳቸው፣ አንድ ካህን፣ እጁ የተጎዳ አንድ ሰውና ሴቶች ናቸው።

ወንዴ የመኪናውን ዳስ ነቀለው። ፍየሎቹ ተበተኑ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት አውጥቶ ጋቢውን ቋጠረበት። ብርቅዬን አስተኛናት። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም ይባላል፤ ያን ቀን ግን እንዲያ ያለ አልነበረም። የግራውን ጫፍ እኔ ያዝኩ፤ ሐና ያለበሰችኝን ጃኬት አጣጥፌ ትከሻዬ ላይ አድርጌ።

የሄድነው መኪናው በመጣበት መንገድ ነው፤ እኛው በቆፈርነው። ሰፊ ነው። ጥሩ መንገድ ነው። ብርቅዬ ዓይኗን ጨፍና "ውባንቺ" ትለኛለች፤ "እዚህ ጋ ነው ድንጋይ አውርጂ ያልሽኝ?"

"አዎ፣ ያኔም አልሰማሽኝም። አሁን ዝም በይና አምጪ... አይ፣ አታምጪ፣ ያዥው!"

"የቱን ልስማሽ?" ብላ ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ጮኸች።

የባሕር ዛፍ እንጨት ገና እርጥብ ነው፤ ይጎብጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ጽድ እንዲያ አያደርግም። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ከወንዴ ወገን ያለው እንጨት ጮኸና ለሁለት ተሰነጠቀ። ብርቅዬ በጎኗ ወደቀች። አያ እንግዳው ወደሷ ሲዘልሉ እሳቸውም ወደቁ። ወንዴ ሚስቱን አንስቶ ጀርባው ላይ አዘላት። እናቴና እኔ እግሯን ደገፍን። የቀረውን መንገድ እንዲያ ነው የወረድነው፤ ጥቂት ሄደን እያረፍን፣ እሷ እያቃሰተች። በኋላ ማቃሰቷን ተወች፤ ያ ባሰ።

ዋናው መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ የጅብራ ሜዳ ወንዶች አገኙን። አየኋቸው፤ ጠንካራ ትከሻ ያላቸው፣ በግ ሸጠው ጨው የገዙ። ማንም ማንንም አላየም። አንዱ የጭነት መኪና አስቆመ።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ተሯሯጡ። ብርቅዬን አዳኗት። ልጁ ወንድ ነበር። ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን። አዋላጇ ለእናቴ "ረፋድ ላይ ብትደርሱ ኖሮ..." ብላ ጀመረችና የእናቴን ፊት ስታይ ተወችው።

ክርስትና አልተነሳምና ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ደወልም አልተደወለለትም። ወንዴ ወስዶ ቀበረው። ለክርስትናው ድግስ ያደለበው ወይፈን ነበረው፤ አርባው ከፋሲካ በኋላ ስለሚውል ሥጋ ይበላል ብሎ ነው ያደለበው። ወይፈኑ በረት ውስጥ ቆሞ ገለባውን ይበላል። ብርቅዬ ድና ስትመለስ በረቱን በሌላ በኩል ዞራ ገባች።

ለፋሲካ ወይፈኑ ታረደ። ሥጋውን ሰፈሩ ተከፋፈለው። ወንዴ ቆዳውን ጠቅልሎ ወስዶ አያ እንግዳው ደጅ ላይ ዘረጋው።  ካህናቱም ከግቢው ሁለት ጽድ ፈቀዱ። ሰው ሁሉ ሳይጠራ መጣ፤ ወንዱ ጽዱን ይጠርባል፣ አያ እንግዳው ቆዳውን በጠፍር በጠፍር ይተለትላሉ፣ ብርቅዬ ገንዳው አጠገብ ተቀምጣ ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ትነክራለች። አትሥሪ ብንላትም አልሰማችንም።

እኔ ጉብታው ላይ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የሐና መልእክት ገባ። ፎቶ ነው። ይዤው ወረድኩ።

"ምን ትላለች?" አሉ አያ እንግዳው፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

አነበብኩላቸው። "እንኳን አደረሳችሁ ትላለች። 'ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለናንተ ይጠይቀኛል። ሁልጊዜ አስባችኋለሁ። ብርቅዬ ወለደች ወይ? ልጁ እንዴት ነው?' ትላለች።"

የብርቅዬ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ። አያ እንግዳው ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁና አዩት። ከአንድ ግራጫ ሶፋ በላይ ተሰቅሏል፤ ትንሽ መብራት በርቶለታል።

"ደህና ቦታ ነው" አሉ። "ግን... አጠረብኝ ልበል? ወይስ ዓይኔ ነው?"

"ዓይንዎ አይደለም፣ አያ። ቆርጠውታል። 'አውሮፕላን አላስገባ ስላለኝ ጫፍ ጫፉን አስቆረጥኩት፤ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ' ትላለች።"

ያ የጠቆረው፣ የሚያብለጨልጨው ጫፍ የለም። አያቴን የተሸከሙ ሰዎች የያዙት፣ እኔን የተሸከሙ ሰዎች የያዙት። ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ወደኛ ዞረ። አያ እንግዳው ስልኩን እንደ ጋለ ነገር ቶሎ መለሱልኝ።

"አልተቀየምንም በያት" አሉ። "ደህና ነን በያት። ሁሉም ደህና ነው።"

"ሁሉም?"

"አትጨምሪ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን የዳኛ ድምፅ አልነበረም።

"አምጭው" አለች ብርቅዬ። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ስልኩን ተቀበለችኝ። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣቶቿ መስተዋቱ ላይ ለካችው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው።

"አሁን ትልቅ ሰው አይችልም" አለች። "ለሱ ግን ይበቃው ነበር።"



"እንዲያ ብለሽ ጻፊላት" ብላ ስልኩን መለሰችልኝና እጇን ወደ ገንዳው አስገባች።

 አያ እንግዳው ጎንበስ ብለው የወይፈኑን ቆዳ መተልተል ቀጠሉ።

ጉብታው ላይ ወጣሁና ጻፍኩላት። ብርቅዬ ያለችውን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።